የአረጋዊ ዘመድ መኪና ጎማ በግል ሕንፃ ሲቆለፍ፦ ገንዘቡን እንዴት መቃወምና ማስመለስ ይቻላል

አባታችሁ ወይም አክስታችሁ መኪናቸውን ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ የግል ሕንፃ ፊት አቁመው ሲመለሱ ጎማው በብረት ተቆልፎ «1,500 ብር ቅጣት ካልተከፈለ አይፈታም» ቢባሉ፣ ገንዘቡን የሚያስመልሰው እዚያ ቆሞ መጨቃጨቅ አይደለም። የሚያስመልሰው በመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት የተያዘው ማስረጃ ነው። ዘበኛውን በክርክር ብትረቱትም ውሳኔው የአስተዳዳሪው ነው፤ ዘበኛው ላይ መጮህ ምንም አይፈይድም።

በቅድሚያ አረጋዊውን ከፀሐይ አውጧቸው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒታቸው መኪናው ውስጥ ከሆነ አውጥታችሁ ስጧቸውና አንድ ሰው በባጃጅ ወደ ቤት ይውሰዳቸው። እሳቸው እዚያ እስካሉ ድረስ ሰው እንዳይሰበሰብባቸው ሲሉ «ተዉ ልጆቼ፣ ከፍለን እንሂድ» ማለታቸው አይቀርም። ከመሄዳቸው በፊት ግን ስንት ሰዓት ላይ እንዳቆሙ፣ የፈረሙት ወረቀት እንዳለ፣ ደግሞም ሲገቡ «እዚህ ያቁሙ» ያላቸው ሰው እንደነበረ ጠይቋቸው። የመጨረሻው ጥያቄ ጉዳዩን ሊወስነው ይችላል። አንዱ ዘበኛ በእጁ እየመራ ካስቆማቸው በኋላ ተረኛው መጥቶ ቆልፎት ከሆነ፣ ያለፈቃድ ቆመዋል የሚባልበት ምክንያት የለም።

መንጃ ፈቃድም ሆነ ሊብሬ ለማንም በመያዣነት አትስጡ። «ጥፋተኛ ነኝ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም» የሚል ወረቀት ላይም አይፈርሙ። ታርጋ ለመፍታት የሚሞክር ካለ ወዲያው ፖሊስ ጥሩ፤ ታርጋ መፍታት የሕንፃ ጥበቃ ሥራ አይደለም።

ቀጥሎ መኪናው የቆመው የማን መሬት ላይ እንደሆነ አጣሩ። ከሕንፃው በር እስከ አስፋልቱ ያለውን ሁሉ «የእኛ ነው» የሚሉ ባለንብረቶች አሉ። ይዞታቸው ግን የሚያልቀው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ላይ የተሰመረው ወሰን ላይ ነው። የእግረኛ መንገዱና የመንገዱ ዳር የከተማው ነው፤ እዚያ ላይ ጥፋት ካለ የሚቀጣው ትራፊክ ፖሊስ ነው። የቆለፉት መንገድ ዳር የፓርኪንግ ሒሳብ የሚሰበስቡ ማኅበራት ከሆኑ ደግሞ ከከተማ አስተዳደሩ የተሰጣቸውን የፈቃድ ደብዳቤ እንዲያሳዩ ጠይቁና ፎቶ አንሱት። ገንዘብ ለመሰብሰብ መፈቀድ ጎማ ለመቆለፍ መፈቀድ ማለት አይደለም፤ መቆለፍ በደብዳቤው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ከዋናው መንገድ ጀምራችሁ ሾፌሩ እንደገባበት፣ ስልኩን በተቀመጠ ሹፌር ዓይን ከፍታ ይዛችሁ፣ ሳታቋርጡ እስከ መኪናው ድረስ ቪዲዮ ቅረጹ። ቪዲዮው የሚያሳየው ማስታወቂያ መኖሩን ብቻ ሳይሆን የሚገባው ሹፌር ሊያየው መቻሉን ነው። በዘንባባ ግንድ የተከለለ፣ ውስጠኛው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ፣ ወይም «መኪና ማቆም ክልክል ነው» ብሎ ስለ መቆለፍና ስለ ገንዘቡ መጠን ዝም ያለ ማስታወቂያ ለእናንተ ይጠቅማል። ማስታወቂያ ከሌለም የመግቢያውን ግራና ቀኝ ባዶውን አንሱት፤ በሳምንቱ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሎ «ድሮም ነበረ» ቢባል መልሳችሁ እሱ ነው።

ከዚያ ታርጋው፣ የተቆለፈው ጎማና ብረቱ በአንድ ፎቶ እንዲገቡ አንሱ። ቀጥሎ ቸርኬውን፣ የጎማውን ዳዶዎች፣ ቫልቩንና ፓራፋንጎውን በቅርበት። አሮጌ ዲኤክስ ላይ በጉልበት የገባ ብረት ቸርኬውን ሊቧጭር፣ ቫልቩንም ሊያጣምም ይችላል። ቫልቩ ሲጣመም አየሩ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ጉዳቱ የሚታወቀው ቤት ከተደረሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ «እኛ አይደለንም» ይባላል።

ሰዓቱን በተመለከተ የሚፈጠር ስህተት አለ። አባባ «ከጠዋቱ 3፡20» ይላሉ፤ ስልኩ ፎቶው ላይ 9፡20 ብሎ ያትማል፤ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ይወጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉ፤ አለበለዚያ ሌላኛው ወገን «ማስረጃው እርስ በርሱ ይጋጫል» ብሎ ይይዛችኋል።

ብረቱን በግራይንደር ማስቆረጥ አይመከርም። ባለይዞታ ሁከትን ወዲያው ቢከላከል ሕጉ ቦታ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ተቆርጦ የወደቀ ብረት በእናንተ ላይ የንብረት ጉዳት አቤቱታ ያስነሳና ከሳሽ የነበራችሁትን ተከሳሽ ያደርጋችኋል። መኪናውን አስነስቶ መሞከር ደግሞ ፓራፋንጎውን ይቀድዳል። ይልቅ አስተዳዳሪውን አስጠሩና «በየትኛው ሕግ ነው የቆለፋችሁት? በጽሑፍ ስጡኝ» በሉት። እምቢ ካለ በአቅራቢያ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ፖሊሱ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ሊል ይችላል፤ ስለ ገንዘቡ ከሆነ እውነቱን ነው። እናንተ የምትፈልጉት መኪናው ተቆልፎ መገኘቱ በዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ነው።

ካልፈቱ፣ መኪናውም ለሕክምና ወይም ለሌላ አስቸኳይ ጉዳይ የሚያስፈልግ ከሆነ ክፈሉ፤ ግን በሥርዓቱ። መደበኛ የሰዓት ክፍያ ካለ እሱን ለብቻ ከፍላችሁ ደረሰኝ ያዙ፤ በአገልግሎቱ ተጠቅማችኋልና ዕዳ ነው። የመቆለፊያውን ገንዘብ በቴሌብር ወይም በባንክ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ አስተላልፉ፤ ወደ ግለሰብ ስልክ አይሁን። ምክንያት በሚለው ቦታ «መኪና ለማስለቀቅ በተቃውሞ የተከፈለ» ብላችሁ ጻፉ። ይህች ቃል ትልቅ ሥራ አላት፦ በሕጋችን (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2164) ያልነበረበትን ዕዳ የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል፤ ዕዳ እንደሌለበት እያወቀ በፈቃዱ የከፈለ ግን አይችልም። ዝም ብሎ የተከፈለ ገንዘብ በፈቃድ የተከፈለ ይመስላል። የድርጅቱ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ተከታታይ ቁጥር ያለበት ደረሰኝም ጠይቁ፤ ከተከለከላችሁ ይህ ራሱ ለገቢዎች የሚቀርብ ሌላ አቤቱታ ነው። ብረቱ እንደወጣ ወደ ጎሚስታ ውሰዱትና ጎማውና ቫልቩ ይታዩ።

ክርክሩ የሚቆመው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ ነው። ቁጥር 1149 ይዞታው የታወከበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለትና ኪሳራ እንዲከፈለው ለመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህ ለአረጋውያን ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሊብሬው እስካሁን በሻጩ ወይም በሞተ የትዳር ጓደኛ ስም ቢሆንም የሚጠየቀው መኪናው በማን እጅ ነበር የሚለው ነው። ቁጥር 1686 አንዱ ወገን ያወጣው የንግድ ደንብ ሌላውን የሚያስገድደው አውቆት ከተቀበለው ወይም የመንግሥት አካል ካጸደቀው ብቻ ነው ይላል። የማስታወቂያው ፎቶ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። ወረቀት አስፈርመዋቸው ከሆነ ደግሞ ቁጥር 1706 አለ፤ ስለ መገደድ ሲመዘን የሰውየው ዕድሜ ይታያል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«ለ… ሕንፃ አስተዳደር፣ ባሕር ዳር
ጉዳዩ፦ ያለአግባብ የተከፈለ 1,500 ብር እንዲመለስ ስለመጠየቅ
የሰሌዳ ቁጥሩ ኮድ 2 አማ … የሆነው መኪናዬ በቀን … ከጠዋቱ 3፡20 ላይ ቆሞ ሳለ የፊት ቀኝ ጎማው በሠራተኞቻችሁ ተቆልፏል። በመግቢያው ላይ ይህንን የሚገልጽ ማስታወቂያ አልነበረም። ክፍያውን የፈጸምኩት መኪናዬን ለማስለቀቅ በተቃውሞ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149፣ 1686 እና 2164 መሠረት ገንዘቡ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ አዘጋጁና አንዱ ላይ ድርጅቱ መቀበሉን የሚያሳይ ማኅተምና ፊርማ አስደርጉ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኩት። ደብዳቤውን አረጋዊው ራሳቸው ይፈርሙ። እናንተ የምትከራከሩላቸው ከሆነ በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ ውክልና ያስፈልጋችኋል። ጠበቃ ያልሆነ ጎረቤት ውክልና ቢይዝም ፍርድ ቤት ላይቀበለው ስለሚችል ልጅ ወይም ወንድም ቢሆን ይሻላል።

መኪናው በእርግጥ የአምቡላንስ መግቢያ ወይም የሰው በር ዘግቶ ከነበረ በሽምግልና ጨርሱት፤ የዘጋ ሰው ይቅርታ መጠየቅ አለበት፣ የደረሰ ኪሳራ ካለም መካፈል ነው። እንዲህ ካልሆነና ምላሽ ከጠፋ፣ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆን እንኳ ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ አመልክቱ። መኪናው ተጎድቶ ከሆነ ወይም ገንዘቡ ከበዛ ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ የክስ ማመልከቻውን እዚያ አሳዩ። ዳኝነት ለመክፈል አቅም የሌላቸው በደሃ ደንብ እንዲታይላቸው መጠየቅ ይችላሉ። በቁጥር 1149 የሚቀርበው ክስ ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ተከሳሽ ብላችሁ የምትጽፉት ደግሞ ትእዛዝ የፈጸመውን ዘበኛ ሳይሆን ገንዘቡ የገባለትን ድርጅት ነው።