ሥራ ስናዘገይ የባከነ ልብን ወደ እግዚአብሔር እንዴት እንመልሳለን?

የሚጠናው ምዕራፍ ወይም የሚዘጋው ሒሳብ ፊታችን ተዘርግቶ ሳለ እጃችን ወደ ስልክ ይሄዳል። አባቶች ይህን ፈተና ሀኬት ይሉታል፤ ታላላቆቹንም አልማራቸውም። የግብፅ በረሃው አባ እንጦንስ ሐሳብ በዝቶባቸው ሲጨነቁ፣ እርሳቸውን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ሲሠራ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ እንደገና ተቀምጦ ገመዱን ሲጎነጉን አዩ። መልአክ ነበር፤ እንዲሁ ቢያደርጉ እንደሚድኑም ነገራቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነገር እንደገና መቀመጡ ነው።

በመጀመሪያ ያዘገዩትን ሥራ በወረቀት ላይ ይጻፉ። «ሪፖርቱን መጨረስ» ብለው ሳይሆን «የመጀመሪያውን አንቀጽ መጻፍ» ብለው ይጻፉት።

ቀጥሎ አንድ አጭር ጸሎት ይምረጡ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበቃል፤ ከዳዊት መዝሙር «እኔን ለመርዳት ፍጠን» የሚለውም መልካም ነው። በየቀኑ አይቀያይሩት፤ ልብ በባከነ ጊዜ ሳይፈለግ ከአፍ የሚወጣው የተለመደ ቃል ነው። ስልኩን ከእጅ አርቀው በቦታው መቁጠሪያ ያስቀምጡ። እጅዎ እንደ ልማዱ ሲዘረጋ መቁጠሪያውን ያገኛል፤ ያን ጊዜ ጸሎቱን 12 ጊዜ በቀስታ ይበሉ።

አሁን ሐሳብዎ ወዴት ሄዶ እንደነበር ይመልከቱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ራሱን ይወቅሳል፤ እኔ ግን ትልቁ ሀብት እዚህ ያለ ይመስለኛል። የታመሙ እናትዎን እያሰቡ ከነበረ ስማቸውን ጠርተው ምሕረት ይለምኑላቸው። የቤት ኪራይ ከሆነ ያሳሰበዎት፣ ጭንቀቱን እንዳለ ለእግዚአብሔር ይንገሩት። የጓደኛዎ ዕድገት አስቀንቶዎት ከሆነም ሳይደብቁ ይናገሩና ለእርሱ በረከትን ይለምኑ፤ ይህኛው ይከብዳል፣ ልብን የሚያጸዳውም ይኸው ነው። ነህምያ ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ባለው ጊዜ መልሱን ከመስጠቱ በፊት ወደ ሰማይ አምላክ ጸልዮአል። በጥያቄና በመልስ መካከል ያለች ጊዜ ለጸሎት በቅታዋለች፤ ለእኛም አታንስም።

ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጻፉት ሥራ ይመለሱ። በዚህ ጠንከር ማለት ያስፈልጋል፦ ሥራውን ላለመጀመር ሲባል ጸሎት ማስረዘም ማምለጫውን መለወጥ ብቻ ነው። ውዳሴ ማርያምና ዳዊት የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ለራስዎ የሚሆነውን የጸሎት ሥርዓት ከንስሐ አባትዎ ጋር ይወስኑ።

ቀን 6 ሰዓት ላይ በተለይ ይጠንቀቁ። ጉልበት የሚደክምበት፣ ሥራ የሚሰለችበት ሰዓት ነው፤ 90ኛው መዝሙር «የቀትር ጋኔን» የሚለውን የበረሃ አባቶች ከሀኬት ጋር ያገናኙት በዚህ ምክንያት ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱን እዚህ ላይ ማድረጓ ትልቅ እርዳታ ነው። ከምሳ በፊት ቆም ብለው አባታችን ሆይ ይጸልዩ።

ያዘገዩት ነገር የበደሉትን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ከሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ጌታችን መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል። መቁጠሪያውን አስቀምጠው ስልኩን ያንሡና ይደውሉ።