ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዋሽ ፓርክ ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለእኛ ለአቃቂና ለቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች አዋሽ ፓርክ ቅርብ ይመስለናል። ፈጣን መንገዱ ከደጃችን ስለሚነሳ ቁርስ አዳማ፣ ምሳ መተሐራ፣ ማታ ቤታችን ብለን እንወጣለን።

ደርሶ መልስ ማሰብ የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ነው። ፓርኩ ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከአዳማ ወዲያ ደግሞ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች መንገዱን ይይዙታል። ስለዚህ በሩ ላይ የሚደርሱት በቀትር ነው። በዚያ የቆላ ሙቀት እንስሳቱ ጥላ ይዘው ስለሚተኙ ከደረቅ ሣርና ከግራር ሌላ ብዙ አያዩም። በዋዜማው ገብተው ይደሩ፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ኢላላ ሳላ ሜዳ ይውጡ። ቀንደ ረጅሙ ሳላ ሲግጥ የሚታየው ያኔ ነው። አንበሳም አለ፣ ግን በቀላሉ አይገኝም፤ ለልጆች አንበሳ እናሳያችኋለን ብሎ ቃል መግባት አይገባም።

ወንዙን መድፈር ሕይወት ያስከፍላል። አዋሽ አዞ አለበት፤ የፏፏቴው ዳር ድንጋይም ያንሸራትታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ እዚያ ሰማዩ ጠርቶ እንኳ ውኃው ሊሞላ ይችላል። ለፎቶ ብለው ጠርዝ ላይ አይቁሙ፣ ልጅም እጁን እንዲታጠብ አይላኩ። ደግሞ የኛው አቃቂ ወንዝ በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽን እንደሚቀላቀል ያስታውሱ፤ እዚህ ሰፈር ወንዝ ውስጥ የምንጥለው ላስቲክና ቆሻሻ ወደዚያው ይወርዳል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ዝንጀሮ መመገብ ደግነት አይደለም። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ ቀጥሎ የመጣውን ቤተሰብ መኪና ውስጥ ገብቶ ይነጥቃል። የአዋሽ ዝንጀሮዎች ሁለት ዝርያ ተገናኝቶ የሚዋለድባቸው በመሆናቸው ተመራማሪዎች ለረጅም ዓመታት ያጠኗቸዋል፤ በሙዝና በብስኩት ጠባያቸውን አናበላሽ።

ያለ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ከመኪና አይውረዱ። ከብት የሚጠብቁትን የከረዩና የአፋር ሰዎችም ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሱ።

በ2017 ዓ.ም. በፓርኩ ባለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ ዙሪያ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ብዙ ሰው ከቀዬው ተነስቷል። በተለይ በስተሰሜን ወዳለው ፍልውሃ ለመሄድ ካሰቡ የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ከፓርኩ ሳይጠይቁ አይነሱ። አካባቢው የወባ ነው፤ አጎበር ይያዙ፣ የሚጠጣ ውኃም ለሁለት ቀን የሚበቃ ከአዳማ ይግዙ።