ፍሪኮል ላይ ሰፋሪ አልጨምር ሲል፦ ምግቡን የሚጨርሰው ፈረሱ ነው

ጅማ ላይ ፍሪኮል የሚባለውን፣ አዲስ አገር ላይ ከተማ የሚቆረቆርበትን የኮምፒውተር ጨዋታ የምትጫወቱ ልጆች፣ «ምግብ እየተረፈ ሕዝቡ ለምን አያድግም?» ለሚለው መልሱ ተገኝቷል።

እያንዳንዱ ሰፋሪ በየተራው 2 ምግብ ይበላል። የተረፈው እየተጠራቀመ 200 ሲሞላ አዲስ ሰፋሪ ይወለድና 200ው ይቀነሳል። ትርፉ 4 ከሆነ 50 ተራ፣ 8 ከሆነ 25 ተራ መጠበቅ ነው። በጨዋታው ውስጥ እስከ 1600 (እ.ኤ.አ.) ድረስ አንድ ተራ አንድ ዓመት ስለሆነ ልዩነቱ በጣም ትልቅ ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ ከተማው ውስጥ 2 ፈረስ ካለ መራባት ይጀምራሉ፣ ቀለባቸውም ከዚያው ትርፍ ይወጣል። ሰው እንዲበዛበት ከምትፈልጉት ከተማ ፈረሶቹን በጋሪ ጭናችሁ ወደ ሌላ ከተማ ውሰዱ። አንድ ቢቀር ግድ የለም፣ ብቻውን አይራባም። መብራት ድንገት ስለሚጠፋ መጀመሪያ ሴቭ አድርጉ።

ከዚያ እህል የሚመረትበትን መሬት አሳርሱ። አንድ ማሳ 20 የሥራ መሣሪያ ይፈጃል፤ ደን ከሆነ ምንጣሮው ሌላ 20 ይወስዳል። ባሕር ዳርቻ ላይ ዓሣ ለማጥመድ ደግሞ ወደብ መሥራት ግድ ነው።

አዲሱ ሰፋሪ ሲወለድ ከከተማው ውጭ ይቆማል። ራሳችሁ አስገብታችሁ ሥራ ካልሰጣችሁት እዚያው ይቀራል።