ሲስቲክ ፋይብሮሲስ፣ የአንጀት ባክቴሪያ እና የትልቁ አንጀት ካንሰር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሳንባንና የአንጀትን ንፋጭ የሚያወፍር በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው። ይዞት የተወለደ ልጅ ድሮ ብዙ ጊዜ ለአቅመ አዳም ሳይደርስ ይቀጭ ነበር። ዛሬ 40 ዓመትን የተሻገሩ ብዙ ናቸው። ይሠራሉ፣ ትዳር ይይዛሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ። ዕድሜ ሲረዝም ግን ድሮ ብዙም ያልታየ ሥጋት ብቅ አለ፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር። ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይበልጣል። ሳንባ ወይም ሌላ አካል በንቅለ ተከላ የተቀየረላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ከ25 እስከ 30 እጥፍ ይደርሳል።

ይህን ቁጥር ሰምቶ መሸበር አያስፈልግም። በወጣትነት ይህ ካንሰር በጣም ጥቂት ሰው ላይ ስለሚታይ፣ እጥፉ ትልቅ ቢሆንም አብዛኛው ሕመምተኛ አይያዝም። ቸል ማለት ግን አይቻልም። በተለይ «ካንሰሩን የሚያመጣው የአንጀት ባክቴሪያ ነው፤ ፕሮባዮቲክ ይከላከለዋል» የሚለው ወሬ ሰውን ከዋናው መከላከያ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቱቦ ትልቁን አንጀት ከሚያሳየው የኮሎኖስኮፒ ምርመራ፣ እንዳያዘናጋው እሰጋለሁ።

ሕመሙን የሳንባ ብቻ አድርጎ ማየት

ሕመሙን የሚያመጣው ሲኤፍቲአር የሚባለው ጂን ሲበላሽ ነው። ጂኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ሥራው ሳንባ ላይ ብቻ አይደለም፤ በአንጀት ግድግዳም ላይ ክሎራይድና ባይካርቦኔት ወደ ውጭ እንዲወጡ ያደርጋል፣ ውሃም ይከተላቸዋል። ይህ ሲጓደል የአንጀቱ ንፋጭ ይወፍራል፣ ይጣበቃል። የምግቡ ጉዞ ይጓተታል። ቆሽትም ምግብ የሚፈጭ በቂ ኢንዛይም ስለማያደርስ ያልተፈጨ ስብ ትልቁ አንጀት ድረስ ይወርዳል። በዚህ ላይ ለሳንባ ኢንፌክሽን ከሕፃንነት ጀምሮ የሚወሰደው አንቲባዮቲክ አለ።

እንዲህ ባለ አንጀት የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከሌላው ሰው ይለያሉ። ዓይነታቸው ያንሳል። እንደ ቢፊዶባክቴሪየምና ፌካሊባክቴሪየም ያሉት ጠቃሚዎቹ ይመናመናሉ፣ ኢ. ኮላይና ዘመዶቹ ይበረክታሉ። ፌካሊባክቴሪየምን የመሰሉት ከአሰር ቡታይሬት የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራሉ። ቡታይሬት የትልቁ አንጀት ሕዋሳት ዋና ምግብ ነው፤ ብግነትንም ያበርዳል። እሱ ሲያንስ አንጀቱ ለዓመታት በዝግታ ሲቆጣ ይኖራል። ሰውየው ላይሰማው ይችላል፤ በሰገራ ምርመራ ግን የብግነቱ ምልክት ከፍ ብሎ ይገኛል።

ጥፋቱን ሁሉ በባክቴሪያ ላይ መጫን

በሌላው ሕዝብ ላይ አንዳንድ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች የሕዋስን ዲኤንኤ የሚጎዳ መርዝ እንደሚያመነጩ ይታወቃል። ነገር ግን ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ባለበት ሰው ላይ ካንሰሩን ይህ ባክቴሪያ አመጣው ብሎ መደምደም አይቻልም። ጂኑ ራሱም ድርሻ አለው፤ በአንጀታቸው ሲኤፍቲአር እንዲጠፋ የተደረጉ አይጦች ላይ ዕጢ ታይቷል። ስለዚህ ባክቴሪያውን ማስተካከል ቢቻል እንኳ ሥጋቱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ማለት አይደለም።

ፕሮባዮቲክ ወስዶ «ተከላክያለሁ» ማለት

ይህ እኔን በጣም ያሳስበኛል። ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለጤና ተብሎ የሚወሰድ ሕያው ባክቴሪያ፣ የሆድ ምቾትን ሊያሻሽል ይችል ይሆናል። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ባለበት ሰው ላይ የአንጀት ካንሰርን እንደሚከላከል ግን አልተረጋገጠም። ንቅለ ተከላ አድርጎ የበሽታ መከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይጀምረው ይሻላል። ሕያው ባክቴሪያ ነው፤ አልፎ አልፎ ወደ ደም ገብቶ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል።

«አንጀቴን ይጎዳብኛል» ብሎ አንቲባዮቲክ ማቋረጥ

የሳንባ ኢንፌክሽን ዛሬ ይገድላል። አንቲባዮቲኩን በራስዎ አያቁሙ። በመድኃኒት መልክ የሚወስዱትን የቆሽት ኢንዛይምም እንደዚያው።

እንደ ሌላው ሰው ዕድሜን መጠበቅ

የአሜሪካው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ፋውንዴሽን የሰበሰባቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ ሕመሙ ያለበት ሰው ኮሎኖስኮፒ የሚጀምረው በ40 ዓመቱ ነው። ውጤቱ ንጹሕ ከሆነ በየ5 ዓመቱ ይደገማል። ወደ ካንሰር ሊቀየር የሚችል ፖሊፕ (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ከተገኘ ቀጣዩ ምርመራ ከ3 ዓመት አያልፍም። ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ደግሞ 30 ዓመት ከሞላው ጀምሮ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ መታየት አለበት። ሌላው ሰው 45 ወይም 50 ዓመቱን ጠብቆ ሊጀምር ይችላል፤ ለእርስዎ ያ ዘግይቷል።

የሰገራ ምርመራ በቂ ነው ወይ የሚል ጥያቄም ይነሳል። ለዚህ ሕመም የተመረጠው ኮሎኖስኮፒ ነው። ፖሊፑን ያሳያል፣ እዚያው ያስወግዳል። ፖሊፕ ወደ ካንሰር ለመቀየር ብዙ ጊዜ ዓመታት ስለሚወስድበት፣ ቀድሞ ማውጣት ካንሰሩን ሳይመጣ ማስቀረት ነው።

በተለመደው ማጽጃ መዘጋጀት

ብዙ ምርመራ ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። የወፈረው ንፋጭና የተጓተተው አንጀት ከምርመራው በፊት ለሌላው ሰው በሚታዘዘው የሚጠጣ የአንጀት ማጽጃ መድኃኒት አይጠራም። አንጀቱ ካልጸዳ ሐኪሙ ትናንሽ ፖሊፖችን አያይም። «ምንም የለም» የሚለው ወረቀት ያኔ አሳሳች ነው።

መመሪያው ለዚህ ሕመም ከበድ ያለ ዝግጅት ያዝዛል። ከ3 እስከ 4 ዙር ማጽጃ ይጠጣል፤ እያንዳንዱ ዙር ቢያንስ 1 ሊትር ይሆናል። የመጨረሻው ዙር ምርመራው ሊጀመር ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲቀረው ይወሰዳል። አድካሚ ነው፤ አልዋሽዎትም። ግን ግማሹን ጠጥቶ መተው ድካሙን በከንቱ ያስቀረዋል። ቀጠሮ ሲይዙ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ እንዳለብዎ ለኮሎኖስኮፒ ክፍሉ ይንገሩ፤ የተለመደውን ወረቀት ብቻ ሰጥተው ሊሸኙዎት ይችላሉ። የስኳር ሕመም ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎ ስለ ኢንሱሊንና ስለ ማጽጃው ዓይነት አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ይምከሩ።

እያንዳንዱን ምልክት «የለመድኩት ነው» ማለት

ሆድ ድርቀት፣ የሆድ ቁርጠት፣ መነፋት ለዚህ ሕመምተኛ አዲስ አይደሉም። አደጋውም ይኸው ነው። በሰገራ ውስጥ የሚታይ ደም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ፣ የክብደት መቀነስ፣ ወይም ከቀድሞው የተለየ የአንጀት ሁኔታ ከመጣ ቀጣዩን ቀጠሮ አይጠብቁ። ዕድሜዎ 40 ባይሞላም።

አዲሱ መድኃኒት ሁሉን ፈታ ብሎ ምርመራ መተው

እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የመጡት አዳዲስ መድኃኒቶች፣ በተለይም በ2019 የመጣው የሦስት መድኃኒት ቅንጅት፣ የብዙ ሰው ሕይወት ቀይረዋል። ሲኤፍቲአር ጂን የሚሠራውን የተበላሸ ፕሮቲን ሥራ ስለሚያሻሽሉ አንጀቱም ይጠቀማል የሚል ተስፋ አለ፤ እኔም ተስፋ አደርጋለሁ። ካንሰርን መቀነሳቸው ግን አልተረጋገጠም። ፖሊፕ በዝግታ ስለሚያድግ መልሱን ለማግኘት ዓመታት ይጠይቃል። እስከዚያው መድኃኒቱን የሚወስደውም የማይወስደውም ሰው ቀጠሮው ያው ነው።