ለበርና ለፍሬም የሚሆን የራውተር ቢት እንዴት ይመረጣል?

ቤቱ ውስጥ እንጨት መሥራት የጀመረ ሰው የእንጨት ራውተር ከገዛ በኋላ የሚቸገረው በማሽኑ ሳይሆን በቢቱ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ታስሮ እየዞረ እንጨቱን በሚቆርጠው ስለት ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ስትገቡ ሠላሳ ምናምን ቢት የተደረደረበት ሣጥን ይቀርብላችኋል። ያምራል፤ ለአንዱ ሲካፈል ዋጋውም ርካሽ ይመስላል። የቁም ሣጥን በር፣ የፎቶ ፍሬም ወይም የመስኮት ቅጠል ለሚሠራ ግን ከዚያ ሁሉ የሚጠቅመው ሦስት አራቱ ቢሆን ነው። በዚያው ብር ጥቂት ግን ደህና ቢት መግዛት ይሻላል።

መጀመሪያ ኮሌቱን እዩ

ቢቱን የሚይዘው የማሽኑ አፍ ኮሌት ይባላል። ገበያ ላይ ያሉት የቢት እግሮች (ኮሌት ውስጥ የሚገባው ዘንግ) ውፍረት 6 ሚሊ፣ ሩብ ኢንች፣ 8 ሚሊ፣ 12 ሚሊ እና ግማሽ ኢንች ናቸው። ሩብ ኢንች ማለት 6.35 ሚሊ ነው፤ ከ6 ሚሊው በዓይን አይለይም። ግማሽ ኢንቹም 12.7 ሚሊ ስለሆነ ከ12ቱ ጋር ይምታታል። ባለ 6 ሚሊውን ቢት በሩብ ኢንች ኮሌት ብታስሩት የያዘ ይመስላል። ማሽኑ በደቂቃ 20,000 ጊዜ ሲዞር ግን ይንሸራተታል፤ ሲብስ ተወርውሮ ይወጣል። ስለዚህ ኮሌቱን ፈታችሁ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቢቱን እዚያው ሱቅ ውስጥ ክተቱበት። ከተንገጫገጨ አትግዙት።

በአንድ እጅ የሚያዘው ትንሹ ራውተር አብዛኛውን ጊዜ 6 ሚሊ ወይም ሩብ ኢንች ብቻ ነው የሚቀበለው። ለፎቶ ፍሬምና ለጠርዝ ማሳመሪያ ይበቃል። ለበር ግን 8 ወይም 12 ሚሊ የሚይዝ ማሽን ከጠረጴዛ ሥር ቢታሰር ነው የምመክረው። እግሩ ወፍራም የሆነ ቢት አይንቀጠቀጥም፤ የቆረጠውም ቦታ ንጹሕ ይሆናል።

ቀጥሎ የእንጨቱን ውፍረት

ለበር የሚሸጠው ጥንድ ቢት (የበሩን ቋሚና አግዳሚ እንጨት የሚያጋጥሙ ሁለት ቢቶች) በአመዛኙ የተሠራው ከ18 እስከ 22 ሚሊ ውፍረት ላለው እንጨት ነው። የ2.5 ሳንቲም ጣውላ ተልጎ ሲያልቅ እዚያው ገደማ ይገባል። ይህ የቁም ሣጥን፣ የቡፌና የኪችን ካቢኔት በር ውፍረት ነው።

የመኝታ ቤት ወይም የውጭ በር ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ 4 ሳንቲም ገደማ ይሆናል፤ ክብደቱም ሌላ ነው። ጥንዱ ቢት የሚያወጣው ወንዴ (ሌላኛው እንጨት ቦይ ውስጥ የሚገባው ምላስ) 10 ሚሊ ገደማ ብቻ ስለሆነ ያን ክብደት አይችልም። ለእንዲህ ያለው በር በመሮ ወይም በቀጥተኛ ቢት በጥልቀት ተፈልፍሎ የሚገባ ረጅም ወንዴ ያስፈልጋል። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢላችሁም አትቀበሉ።

የሚያስፈልጉት ቢቶች

ቀጥ ያለ ቢት፦ አንድ 6 እና አንድ 12 ሚሊ። ለቦይና ለመፈልፈል።

ኩሽኔታ ያለው የጠርዝ ቢት፦ መስታወት ወይም ፎቶ የሚቀመጥበትን ደረጃ የሚያወጣው ይህ ነው። ኩሽኔታው የእንጨቱን ጠርዝ ተከትሎ ይሄዳል፤ ቢቱም ከተወሰነለት በላይ አይበላም። ኩሽኔታው ሲቀየር ስፋቱም ስለሚቀየር፣ የተለያየ መጠን ያለው ኩሽኔታ አብሮት ያለውን ፈልጉ። ለፎቶ ፍሬም 6 ሚሊ ስፋት፣ ለመስኮት መስታወት 10 ሚሊ ይበቃል።

ጥንዱ ቢት፦ የበር ሥራ ልቡ እዚህ ላይ ነው። አንዱ በቋሚውና በአግዳሚው እንጨት የውስጥ ጠርዝ ላይ ጌጡንና ሴቴውን (ወንዴው የሚገባበትን ቦይ) አንድ ላይ ያወጣል። ሌላው የአግዳሚውን ጫፍ በተቃራኒው ቅርጽ ቆርጦ ወንዴውን ይሰጣል። ሁለቱ ተጋጥመው መዘጋት ስላለባቸው አንዱን ከአንድ ሱቅ፣ ሌላውን ከሌላ ሱቅ እየለቃቀሙ ማጣመር አይሆንም። በአንድ ማሸጊያ የመጣ መሆን አለበት። ሴቴውን የሚቆርጠውን ጥርስ በካሊፐር ለኩት። ከዚያ መሃል የምትከቱትን ኮምፔንሳቶ ለኩ። 6 ሚሊ ተብሎ የተሸጠው ከዚያ ቀጭን ከሆነ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይንኳኳል።

ፓኔል (የበሩን መሃል የሚሞላውን ጣውላ) ማሳመሪያው ትልቅ ቢት፦ ከ80 እስከ 90 ሚሊ ስፋት አለው። ማሽናችሁ ፍጥነት መቀነሻ ከሌለው ፈጽሞ አትግዙት። 85 ሚሊ ስፋት ያለው ቢት በደቂቃ 20,000 ጊዜ ቢዞር፣ ጫፉ በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ማለት ነው። ይህ ቢት ጠረጴዛ ላይ ብቻ፣ ወደ 10,000 ዝቅ ተደርጎ ነው የሚሠራበት። እውነቱን ለመናገር ለመጀመሪያው በር አያስፈልግም። መሃሉ ለጥ ያለ ኮምፔንሳቶ የሆነ በር አምሮ ይወጣል።

ሱቅ ውስጥ በእጅ መርምሩ

ምላጩ ካርባይድ የሚባለው በጣም ጠንካራው ዓይነት ይሁን። ተራ ብረቱ ሲገዛ ስለታም ነው፤ ግን የቺፕውድና የኤምዲኤፍ ሙጫ ቶሎ ያደነዝዘዋል፤ ባሕር ዛፍም እንደዚያው። ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ ይታገሰዋል።

ካርባይዱ ከቢቱ አካል ጋር በብየዳ የተያያዘበትን መስመር ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ። መስመሩ ያልተቆራረጠና ቀዳዳ የሌለው መሆን አለበት። ካርባይዱ እንደ ወረቀት የሳሳ ከሆነ አንዴ እንኳን ተስሎ አያገለግልም። ጥፍራችሁን በምላጩ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሂዱ፤ የሚይዛችሁ ቦታ ካለ ተሸርፏል። ኩሽኔታውንም አዙሩት። ሳይንገጫገጭ፣ ሳይንጫጫ መዞር አለበት።

አስራችሁ ሞክሩ

ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ። እግሩን እስከ መጨረሻው ክተቱና 2 ወይም 3 ሚሊ መልሳችሁ አውጡት፤ ከዚያ አጥብቁ። መነጽርና የጆሮ መከላከያ አድርጉ።

ጠረጴዛ ላይ እንጨቱ የሚገፋው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ማሽኑን በእጅ ይዛችሁ ከሆነ በፍሬሙ የውጭ ጠርዝ ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ፣ በውስጥ ጠርዝ ደግሞ እንደ ሰዓት ሂዱ። በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ብቻ ብሉ። እንጨቱ ከጠቆረ ወይ ገፊው ዘግይቷል፣ ወይ ቢቱ ደንዝዟል፣ ወይ ፍጥነቱ በዝቷል።

ለጥንዱ ቢት የአግዳሚውን ጫፍ አስቀድሙ። ከኋላው ቁራጭ እንጨት ደግፉ፤ ያለዚያ ጫፉ ይሰነጠራል። ረጅሙን ጠርዝ ከዚያ በኋላ ቁረጡ። ሁሉንም አስቀድማችሁ በዚያው ውፍረት በተላገ ቁራጭ ላይ ሞክሩት።

ልኩን በምሳሌ፦ በሩ 500 ሚሊ ስፋት ቢኖረውና ቋሚዎቹ 60፣ 60 ቢሆኑ መሃል 380 ይቀራል። በሁለቱም ጫፍ 10፣ 10 ሚሊ ወንዴ ስላለ አግዳሚው 400 ሆኖ ይቆረጣል። ብዙ እንጨት የሚበላሸው ይቺ 20 ሚሊ ስትረሳ ነው።

የደሴ አየር

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ ጣውላ ታች በሙቀት ደርቆ፣ እዚህ ደሴ ክረምት ላይ የጦሳ ተራራን ጉም ሲያገኝ ያብጣል። እንጨቱን ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል አሳርፉት።

መሃሉን በጣውላ የምትሞሉ ከሆነ ፓኔሉን ኮላ አትቀቡት። ኮላ ለማዕዘኖቹ ብቻ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ የሴቴዎቹ ወለል ለወለል ርቀት 400 ሚሊ ነው። በበጋ የምትሠሩ ከሆነ ፓኔሉን 395 ቁረጡት፤ ክረምት ሲመጣ ያብጣል። በክረምት የምትሠሩ ከሆነ አስቀድሞ ስላበጠ 398 ይበቃል። ቫርኒሹንም ከመገጣጠማችሁ በፊት ቀቡት፤ በበጋ ሲሸሽ ያልተቀባ ነጭ መስመር እንዳይወጣ።

መብራት ሲሄድ፣ ቢት ሲደነዝዝ

እየቆረጣችሁ መብራት ከጠፋ ወዲያው ማብሪያውን አጥፉ፣ ሶኬቱንም ንቀሉ። ተመልሶ ሲመጣ ማሽኑ ማንም ሳይነካው ሊነሣ ይችላል።

ቢቱ ላይ የሚጋገረውን የጥድ ሙጫ በነጭ ጋዝና በድሮ የጥርስ ብሩሽ አጥቡ፤ ኩሽኔታውን ግን አስቀድማችሁ ፍቱት፣ ቅባቱ ይታጠብበታል። ስትስሉ በአልማዝ ድንጋይ ለጥ ያለውን የምላጩን ፊት ብቻ ሳሉ። የውጭ ጠርዙን ከነካችሁት ቅርጹ ይበላሻል። ጥንዱን ስትስሉ ሁለቱንም እኩል ሳሉ፤ አለዚያ ወንዴውና ሴቴው አይገጥሙም።