ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም ከግንባር በፊት ምን እንይ?

ሰው ሲታመም የሁላችንም እጅ ቀድሞ የሚሄደው ግንባር ላይ ነው። "ይተኩሳል" ይባላል፣ አንዱ ምች ነው ይላል፣ ሌላው ዳማከሴ ፍለጋ ይወጣል። ግንባር መዳሰሱ ክፋት የለውም። ነርስ ግን ከዚያ አትጀምርም፤ ሳትነካ በማየት ነው የምትጀምረው። ይሄ ደግሞ ማንም ሰው የሚችለው ነገር ነው። ሰከንድ ያለው ሰዓት፣ እስክሪብቶና ወረቀት ያዙ። ቴርሞሜትር ካለም ጥሩ።

መጀመሪያ በር ላይ ሆናችሁ እዩት። ስትገቡ ቀና ብሎ ያያችኋል? ተጋድሞ መተንፈስ አቅቶት ቁጭ ብሎ ካደረ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ አናግሩት። እንደልቡ ካወራ ጥሩ፤ በየሁለት ሦስት ቃሉ አየር ለመሳብ የሚያቆም ከሆነ ግን ትንፋሽ አጥሮታል። ቀኑን፣ ያለበትን ቦታ፣ የልጆቹን ስም ጠይቁት። አዛውንቶች ላይ ይሄ ቁልፍ ነው፤ የሳንባ ምች ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዟቸው፣ ገላቸው ምንም ሳይተኩስ፣ መቀባዠር ብቻ ሊያሳዩ ይችላሉ። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ ከተቀባዠረ "እርጅና ነው" ተብሎ አይታለፍም።

ቀጥሎ ትንፋሽ ቁጠሩ። በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይሄ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚዘለውም ይሄንኑ ነው። አዋቂ ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይቀይራል። ስለዚህ የእጁን አንጓ ይዛችሁ የልብ ምት የምትቆጥሩ ምሰሉና በጎን ደረቱን እዩ። ልጅ ከሆነ ደግሞ እያለቀሰ ወይም እየጠባ ሳይሆን ረጋ ባለበት ሰዓት ልብሱን ገለጥ አድርጉለት። ደረቱ ወይም ሆዱ ከፍ ብሎ ሲወርድ አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። ሙሉ 60 ሰከንድ! 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ሕፃን ላይ ያሳስታል፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘገም ይላል።

አዋቂ ሰው እረፍት ላይ ሆኖ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ እስከ 1 ዓመት ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል። የሚያስል ልጅ ትንፋሹ ከፈጠነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አየር ሲያስገባ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነማ ቁጥሩን ተዉትና ሩጡ።

የልብ ምት በአውራ ጣት አይቆጠርም፤ የራሳችሁን ምት ልትቆጥሩ ትችላላችሁ። ሁለት ጣት በቂ ነው። አዋቂ ላይ ከ60 እስከ 100 ነው። ሙቀት ስትለኩ የብብቱን ላብ ጥረጉ፤ 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት አለ። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ቢተኩስም ሆነ ከ35.5 በታች ቢቀዘቅዝ አደጋ ነው። ቆላ የሚኖር ወይም በቅርቡ ቆላ የነበረ ሰው ከተኮሰው የወባ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ቆዳችን ጠቆር ያለ ስለሆነ የደም ማነስን ፊት ላይ መፈለግ አያዋጣም። የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጋችሁ ውስጡ ነጣ ማለቱን እዩ፣ መዳፉንም እንደዚያው እዩ። የከንፈር ውስጥና ምላስ ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ከተቀየሩ የኦክስጅን እጥረት ሊሆን ይችላል። የዓይን ነጩ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ይታያል።

ተቅማጥና ትውከት ያለበትን ልጅ የሆዱን ቆዳ ከእምብርቱ ጎን ቆንጠጥ አድርጋችሁ ልቀቁት። ወዲያው ካልተመለሰ ውሃ አጥቷል። የዓይን መሰርጎድ፣ የሽንት መቀነስም እንደዚያው። መጠጣት ከቻለ ለምለሙን (ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የኦአርኤስ ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ እየሰጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እርግብግቢቱ ጎደጎደ ብላችሁ ቅቤ ለመቀባት አትቀመጡ።

መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የገባውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ ሲጠሩት የማይነቃ ልጅ እስኪነጋ አይጠበቅም። አዋቂ ላይ ደግሞ ደረት የሚጫን ሕመም ወይም ድንገት የፊት መጣመም፣ የአንድ እጅ መዛልና የአንደበት መተሳሰር ከመጣ ሰዓቱን ጻፉና አምቡላንስ ጥሩ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት።

የለካችሁትን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፉ። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ጠዋት 18 የነበረ ትንፋሽ ማታ 28 ከሆነ ግን ሐኪሙ ወዲያው ይገባዋል። ስትሄዱ ወረቀቱንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ያዙ፤ ሕመሙ መቼ እንደጀመረና መጨረሻ የሸናው መቼ እንደሆነም መጠየቃችሁ አይቀርም።