ትልቅ ሰው የቶንሲልና የአፍንጫ ኦፕራሲዮን ከተሰራ በኋላ እንዴት ያገግማል

ቶንሲል ማስወጣት የልጆች ነገር ነው ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ እርሱት፣ ልጅ ቶሎ ተነስቶ ይጫወታል ትልቅ ሰው ግን ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። አፍንጫም አብሮ ከተሰራ ደሞ ይብሳል፣ አፍንጫ ስለሚደፈን በአፍ ትተነፍሳላችሁ፣ በአፍ ስትተነፍሱ ጉሮሮ ይደርቃል፣ የደረቀ ጉሮሮ ያማል፣ ሲያም መጠጣት ትተዋላችሁ፣ ሳትጠጡ ደሞ የባሰ ይደርቃል። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ይሄን አዙሪት ለመስበር ነው።

1. ሳትገቡ በፊት ተዘጋጁ። ከስራ 2 ሳምንት ፈቃድ ውሰዱ፣ "3 ቀን ይበቃኛል" አይሰራም። የህመም ማስታገሻውን ቀድማችሁ ግዙት፣ ከተቻለ ሽሮፕ ወይም ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ ትልቅ ክኒን መዋጥ ስለሚከብድ። አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድሃኒት የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩ፣ በራሳችሁ ግን አታቁሙት። የመጀመሪያው ማታ ሰው አብሯችሁ ይደር።

2. የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀና ብላችሁ ተኙ። 2 ወይም 3 ትራስ ደርቡ፣ እብጠቱንም መድማቱንም ይቀንሳል። ከአፍንጫ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ማለቱ ያለ ነው፣ ከስር ጋውዝ አድርጉና ሲረጥብ ቀይሩት። አፍንጫ ውስጥ ማሸጊያ (ደም እንዳይፈስ የሚጠቀጠቅ ነገር) ከተደረገ ብዙ ጊዜ በ1 ወይም 2 ቀን ይወጣል፣ ስፕሊንት የሚባለው አፍንጫውን ከውስጥ የሚደግፍ ፕላስቲክ ደሞ ሳምንት አካባቢ። ሲወጣ ደስ አይልም ግን ቶሎ ያልቃል። አፍንጫ ተደፍኖ ስትውጡ ጆሮ ውስጥ ግፊት ይሰማል፣ አትደንግጡ፣ በትንሽ በትንሹ ዋጡ።

3. ማስታገሻውን በሰዓት ውሰዱ እንጂ ሲያማችሁ አይደለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ህመሙ አንዴ ካመለጠ መልሶ መያዝ ከባድ ነው፣ በተለይ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሙሉ ጉሮሮ ደርቆ ስለሚያድር፣ ስለዚህ ለሌሊቱም አላርም ሙሉ። ፓራሲታሞል ለጤነኛ ትልቅ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም መብለጥ የለበትም (የጉበት ችግር ያለበት ሰው ከዛም ያነሰ ስለሚሆን ሐኪሙን ይጠይቅ)፣ ብዙ የጉንፋን መድሃኒቶች ውስጥም ስላለ ሳታውቁ እንዳትደርቡት። አይቡፕሮፌን ሐኪሙ ከፈቀደ ብቻ፣ አስፕሪን ለህመም ብላችሁ በፍጹም። ጠንከር ያለ ማስታገሻ ከታዘዘ የሆድ ድርቀት ያመጣል፣ ማማጥ ደሞ ለመድማት ጥሩ አይደለም፣ የሚያለሰልስ ነገር አብሮ እንዲታዘዝላችሁ ጠይቁ።

4. ጠጡ። መድሃኒቱን ወስዳችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁና ያኔ ጠጡ ብሉ፣ መዋጥ የሚቀለው ያን ጊዜ ነው። ብርጭቆ ሙሉ መጨረስ አይጠበቅባችሁም፣ ከጎናችሁ አስቀምጡና ነቅታችሁ ባላችሁበት ሰዓት ሁሉ ጎንጨት ጎንጨት አድርጉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም በረዶ መምጠጥ ያደነዝዛል። ሽንታችሁ ከጠቆረ አነሰ ማለት ነው። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ሚጥሚጣ ነገር ያቃጥላል፣ የሚንኮሻኮሽ ነገር ይቧጭራል። ለብ ያለ ሾርባ፣ እርጎ፣ የተፈጨ ድንች፣ ለስላሳ እንቁላል፣ አይስክሬም፣ የሚወርድላችሁ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ጥቂት ቀን ትንሽ ብትበሉ ችግር የለውም ውሃው ግን አይቋረጥ።

5. ከ3ኛው ቀን በኋላ ሲብስ አትደናገጡ። ብዙ ሰው 2ኛው ቀን ላይ "ይሄ ነው እንዴ?" ይልና ከዛ በኋላ ነው የሚመጣበት፣ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን አካባቢ ዋናው ህመም ነው። ጆሮም ያማል፣ ጆሮው ታሞ ሳይሆን ጉሮሮና ጆሮ ነርቭ ስለሚጋሩ ነው። በመስታወት ስታዩ ቶንሲሉ የነበረበት ቦታ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ነገር ይታያል፣ መግል አይደለም፣ የቁስሉ ቅርፊት ነው፣ አትፋቁት። አፍም ይሸታል፣ ምን ይደረግ፣ ጥርሳችሁን ቀስ ብላችሁ ቦርሹ።

6. አፍንጫውን አትናፈጡ፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት። ማስነጠስ ከመጣ አፍ ከፍቶ ማስነጠስ ነው፣ አፍኖ መያዝ ግፊቱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ሳላይን (አፍንጫ ውስጥ የሚደረግ የጨው ውሃ) ከታዘዘ ሳትሰለቹ ተጠቀሙ፣ ቅርፊቱን የሚያለሰልሰው እሱ ነው፣ ቤት የምታዘጋጁት ከሆነ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ ቀጥታ ከቧንቧ አይሆንም። መጎንበስ፣ ከባድ ነገር ማንሳት፣ ጂም ለ2 ሳምንት ይቅር። ሲጋራም አልኮልም እንደዛው።

7. ደምን ቀልድ አታድርጉት። የቶንሲል ቁስል ቅርፊቱ በሚረግፍበት ጊዜ፣ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን አካባቢ፣ ሊደማ ይችላል፣ ልክ ዳንኩ ስትሉ ማለት ነው። ከጉሮሮ ደማቅ ቀይ ደም ከመጣ ቁጭ በሉ፣ ወደፊት ዘንበል ብላችሁ ትፉት እንጂ አትዋጡት፣ ቢቆምም እንኳን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ራሳችሁ መኪና አትንዱ። ከአፍንጫ ከሆነና ውስጡ ማሸጊያ ወይም ስፕሊንት ከሌለ ለስላሳውን ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳትለቁ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ ካልቆመ ሂዱ። ከ38.5 በላይ ትኩሳት፣ ፈሳሽ ጨርሶ መዋጥ አለመቻል፣ የእይታ ለውጥ፣ ከአፍንጫ እንደ ውሃ ንጹህ ሆኖ የማያቋርጥ ፈሳሽ ካለም ቀጠሮ አትጠብቁ።

ጉሮሮው 2 ሳምንት አካባቢ ሲሞላ ይለቃችኋል፣ አፍንጫው ግን ሳምንታት ተደፍኖ ሊቆይ ይችላል፣ ስፕሊንቱ ወጥቶም ውስጡ ያበጠ ስለሆነ "ኦፕራሲዮኑ አልሰራልኝም" ብላችሁ በ3ኛው ሳምንት አትፍረዱ። በአውሮፕላን መጓዝ ካለባችሁ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የክትትል ቀጠሮው ላይ ጠይቁ።